ጋሼ ሃቢብ ስኳር ይዘው መጡ

ሐይቅ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም

ለምወድሽ ለአጎቴ ልጅ ለሐናን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽ እንደምን ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የሰው አገር አያስመርርሽ፣ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ አላህ ያሳይሽ።

ባለፈው ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ የጻፍኩልሽን እርሺው፤ ዝናቡም አባርቷል። ዛሬ የምለምንሽ ሌላ ነው።

ልጄ ሳሚር ካንቺ ዘንድ ሆኖ የላከውን ፎቶ መሰረት በስልኳ አሳየችኝ። መሰረትን መቼም ታውቂያታለሽ፤ የእኔን ደብዳቤ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም የምትልክልሽ፣ ያንቺንም አትማ የምታመጣልኝ የፋርማሲዋ ጎረቤቴ ናት። ልጄ ከአንገቱ እስከ እግሩ ጥቁር ላስቲክ ለብሶ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ የብረት ጠርሙስ አዝሎ ይስቃል። እሳት አደጋ ተቀጠረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ውኃ ውስጥ ገብቶ መተንፈስ ተምሮ ኖሯል። አሁን ደግሞ ቀይ ባሕር ድረስ ሄዶ፣ መርከብ ላይ እየበላ መርከብ ላይ እያደረ፣ ከሳምንት በላይ በየቀኑ ወደ ታች ሊወርድ ነው አለኝ። ታች ምን ጠፍቶበት ነው?

አንቺ ያኔ አዲስ አበባ ስለነበርሽ አላየሽም። ዳውድ ይኼን ሐይቅ ከልጅነቱ ያውቀው ነበር። መረቡን ሊሰበስብ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እኔ ሚስቱ ግን የሰማሁት ከሁሉ ኋላ ነው። መጀመሪያ «ትንሽ አተኩሶት ደሴ ዘመድ ቤት ተኝቷል» አሉኝ። ቀጥሎ በደጄ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አላየኝ አለ። ከዚያ አንድ ዘመድ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው መጡና፣ ሰውነትሽ ተጎድቷል፣ ብዪ እያሉ በግድ አጎረሱኝ። በማግስቱ ገና ሱብሒ ሳይሰገድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። መርዶ በባዶ ሆድ እንዳይወድቅብኝ ብለው ነው፤ ወጋችን ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ደህና ነው» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ዞሬ በሩን አያለሁ።

ሐናን፣ አባቱን ውኃ የበላበት ልጅ ነው። አስቀሪልኝ። አንቺን ይሰማል።

እህትሽ ኡሚ


ኮለምበስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኡሚ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ቤትሽን ከክፉ ነገር ይጠብቀው። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ሰላም በይልን ብለውሻል፤ ያሉት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሰላምታው ያው ነው።

ሳሚርን ተቆጣሁት። ለመንኩት። አልሆነም። ትኬቱን ከቆረጠ ቆይቷል፤ ለዚህ ጉዞ ብሎ ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል በሚሠራበት ሱቅ ኦቨርታይም እየገባ ዓመት ሙሉ ደክሟል። ዋናውን የተማረው እዚህ ሰፈር በሚገኝ ገንዳ ነው። መጥለቁን ያስተማረው ደግሞ ዳዊ ይባላል፤ ፒከሪንግተን የሚኖር የእኛው ልጅ፣ መኪና የሚነዳ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። እዚህ ባሕር የለም። የሚለማመዱት ድንጋይ ወጥቶበት ውኃ የሞላው አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሚያዩት ነገር እንዳያጡ ብለው የተማሪ አውቶቡስ ሳይቀር አስጥመውበታል። አንድ እሁድ ወስዶኝ ዳር ላይ ኮቴን ለብሼ ቆሜ አየሁት። ገባ፣ አረፋ ብቻ ቀረ። እስኪወጣ ድረስ ምን ያህል ዱዓ እንዳደረግሁ እኔና አላህ እናውቃለን። ሻወር ስወስድ እንኳ ፊቴን ውኃ ውስጥ ማስገባት የምፈራ ሴት ነኝ።

የሚሄድበት ኮራል የሚባል ነገር አለ፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነው ይላሉ፣ ዓሣው ሁሉ እሱን ተጠልሎ ይኖራል። የብሱ አጠገብ ያለው ስለተበላሸ ደህናውን ለማየት ርቆ መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው መርከቧ ላይ የሚያድሩት። እዚያ ኔትወርክ የለም። ዝም ካለሽ እንዳትደነግጪ። ጥቅምት 21፣ ጁምዓ ወደብ ይመለሳሉ፤ ያን ቀን ራሱ ይደውልልሻል። አንድ ነገር ቢፈጠር የመርከቧ ሰዎች የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ ስልኬን ሰጥቷቸዋል።

ኤርፖርት ሳደርሰው መኪና ውስጥ አንድ ነገር አለኝ። «ሐኒ፣ እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን በእማዬ ፍርሃት ስፈራ ነው የኖርኩት። አንዴ ወርጄ ልየው።» አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?

ጁምዓ ጁምዓ መደወሌን አልተውም።

ታናሽ እህትሽ ሐናን


ሐይቅ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም

ለሐናን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያክብርሽ።

ትናንት ጁምዓ ነበር። ከዙህር ሶላት ጀምሮ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሳሚር አልደወለም። ሲመሽ አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ጠበቅሁ፤ አንቺም አልደወልሽ። ያለፈውም ጁምዓ ሥራ በዛብኝ ብለሽ በመሰረት ስልክ መልእክት ልከሽ ነው ያለፍሽው።

መርከቡ ዘግይቶ ይሆናል እላለሁ ለራሴ። አንዲት መስመር ጻፊልኝ። ካልተመቸሽም ደውለሽ ዝጊው፤ ድምፅሽን ብቻ ልስማ።

ኡሚ


ኮለምበስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም

ለእትዬ ኡሚ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሳሚር ደህና ነው። ነፋስ በርትቶ መርከቧ ዘገየች እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሥራ ላይ ሺፍት ቀያይረውብኝ ነው መደወል ያቃተኝ፤ አትቀየሚኝ።

ሰኞና ሐሙስ የምትጾሚውን ለጊዜው ተዪው። በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ። ጋሼ ሃቢብ ከደሴ ብቅ ብለው እንዲያዩሽ ነግሬያቸዋለሁ፤ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው። ለጣሪያውም የሚሆን ልኬልሻለሁ፣ መሰረት ታውጣልሽ።

አይዞሽ።

ሐናን


ሐይቅ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም

ሐናን፣

ሰላምታው ይቆየኝ።

ጋሼ ሃቢብ ትናንትና ጠዋት ስኳር ይዘው መጡ። ያኔም ስኳር ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ። የዳውድ ታላቅ ወንድም ናቸውና የቤታችንን መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ሳያቸው ደብዳቤሽ እጄ ላይ ነበር። በደንብ ብዪ ይላል። በደንብ ተኚ ይላል። ከዚያ እሳቸው ስኳሩን አስቀምጠው ተቀመጡና «ኡሚ፣ ከስተሻል፤ እህል ቅመሽ እንጂ» አሉኝ።

ለምን መጡ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሐናን እያት ብላኝ ነው አሉ። ለምን አለችዎት ስላቸው እኔ ምኑን አውቄ አሉ። ወላሂ ብለው ማሉልኝ። በማሉ ቁጥር ይበልጥ አመንኩ፤ ያኔም ምለውልኝ ነበር።

በዚህ ዕድሜያቸው ማልደው ከደሴ ሲመጡ ሰፈሩ አይቷቸው ኖሯል። የመሰረት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች። ማን ነገረሽ ብላት ጮኸች። እሷ ስትጮህ እኔም ጮህኩ። እኩለ ቀን ሳይሆን የቅሬው ሰዎች የዕድሩን ድንኳን ተከሉ፣ አልጋዬን አውጥተው መሬት አነጠፉልኝ። ጋሼ ሃቢብ መሐል ላይ ቆመው «ኧረ እኔ ሰው ሞተ አላልኩም» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። በኋላ ደከማቸውና እሳቸውም ተቀምጠው አለቀሱ።

አሁን ንገሪኝ። ተገኝቷል? ወይስ እንደ አባቱ ውኃው ቆይቶ ነው የሚመልሰው? ጀናዛው ላይ የሰገደ ሰው ነበር? ያልጠየቅሁሽን ገንዘብ የላክሽልኝ ለዚህ ነው? ያልደወልሽውም ድምፅሽ እንዳያሳብቅብሽ ነው፤ እኔ አሳድጌሻለሁ፣ ስታለቅሺ አፍንጫሽ እንዴት እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤዬን ያለ ዱዓ እዘጋለሁ። ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ አላወቅሁም።

ኡሚ


ኮለምበስ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም

እትዬ ኡሚ፣

ሳሚር አልሞተም። ከሰላምታው ያስቀደምኩት ይኼን ነው። መሰረት ይኼን መስመር አሁኑኑ አንብቢላት፤ ሌላው ይደርሳል።

የቀረውን ደግሞ እንደሆነው እነግርሻለሁ። ከዚያ ጁምዓ በፊት በነበረው ቀን ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልካችንን ሎከር ውስጥ ነው የምንተወው። ዕረፍት ስወጣ አንድ የማላውቀው የውጭ ቁጥር ደጋግሞ ደውሏል። እዚህ በየቀኑ ሌባ ይደውላል፤ አንዱ የባንክ ነኝ ይላል፣ አንዱ ዕጣ ወጣልሽ ይላል። ስካም ነው ብዬ ብሎክ አደረግሁት። ስልክሽን ለመርከቧ ሰዎች ሰጥቻለሁ ያለኝ ትዝ እንኳ አላለኝም። በማግስቱ ሳሚር ሲጠፋ ነው ያስታወስኩት። ቁጥሩን ከፍቼ ብደውል የሚያነሳ የለም።

በዚያ ላይ ዳዊ ደወለና «ሐኒ፣ ኮል ያደረገልሽ ሰው አለ?» አለኝ። አጠያየቁ አላማረኝም። በዚያ ባሕር ላይ አንዲት መርከብ አደጋ ደረሰባት የሚል ዜና አይቶ ኖሯል፤ የትኛዋ እንደሆነች አይልም። እንግዲህ ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልሽ ያን ጊዜ ነው። ነፋሱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ብደውልልሽ ደግሞ እንዳልሽው አፍንጫዬ ያጋልጠኝ ነበር።

አንቺ ጋ ድንኳን በተተከለበት ቀን እኔ ጋ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጎሕ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ዳዊ፣ ሚስቱ ቢታንያና የሥራ ባልደረባዬ ያደታ ተደርድረው ቆመዋል። ቢታንያ የምግብ ከረጢት ይዛለች። ጀርባዬን በሩ ላይ አድርጌ «አልከፍትም፣ ሂዱልኝ» አልኩ። ልጄ ከላይ ወርዳ «ማም፣ ጀስት ኦፕን ዘ ዶር» ትላለች፤ መርዶ ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች? ካልከፈትኩ ያልሞተ ነበር የሚመስለኝ። በመጨረሻ እሷ ከፈተችው። ለካ ሥራ ሳይገቡ አብረን ኤምባሲ እንድንደውል ነው የመጡት። ከረጢቱ ውስጥ ዶናት ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ ዶናቱን እያየሁ ነው ጋሼ ሃቢብን ወዳንቺ በመላኬ ምን እንዳደረግሁሽ የገባኝ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

ትናንት ሳሚር ራሱ ደወለ። አደጋ የደረሰባት ሌላ መርከብ ናት። እሱ የብስ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደጋግመው የደወሉልኝ ፕሮግራም ስለተቀየረ ነው። ዛሬ ማታ ለአንቺ ይደውላል።

ማሪኝ። ጋሼ ሃቢብንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሐናን


ሐይቅ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም

ለልጄም ለእህቴም ለሐናን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ እንዳንቺ ያለውን ደንጋጣ አይተወው፣ ልብሽን ያሳርፈው።

ደወለ። መሰረት ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን አስጠጋ። «እማዬ» አለኝ። አንዱ ከኋላ ዘንድሮ እኮ የሰው ድምፅ በስልክ አስመስለው ይሠራሉ አለ። ሌላው ደግሞ ቀድመው የቀዱት ይሆናል አለ። እኔም ሰው ሆኜ ተጠራጠርኩ። አባትህ የሞተ ጊዜ ምን ደብቀህ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «የአባዬን ጫማ። አንድ እግሩን። ሲፈልገው ይመጣል ብዬ» አለ። ይኼን ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልሰማሁም፤ ራሴን ስቼ ውኃ ሲረጩብኝ ነው የነቃሁት።

ድንኳኑ እልልታ ሆነ። የቅሬው ሰዎች ግን ግራ ገባቸው። ንፍሮው ተቀቅሏል፤ ይበላ አይበላ ብለው ተከራከሩ። ለቆመ ሰው ድንኳን ተክለው አያውቁማ። በመጨረሻ በሉት፣ ዱዓ አደረጉ፣ ድንኳኑን ነቅለው ሄዱ። ጋሼ ሃቢብ ከእንግዲህ ለሠርግ እንኳ ቢሆን ስኳር አልይዝም ብለዋል። ከለቅሶው በኋላ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አልጋዬን ግን አላስገባሁም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሳሚር በስልክ ሲያወራ ይንጎራደዳል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው፣ እግሩን እሰማዋለሁ። አሁን ግን አልሰማሁትም። ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ ነው። ፈራሁና፣ እስቲ ተነስተህ በመስኮት የሚታይህን ንገረኝ አልኩት። «በኋላ እማዬ» አለኝ። መስኮት ለማየት በኋላ አለ እንዴ? ያንቺስ ነገር፣ ፕሮግራም ተቀየረ ለማለት ሰው ደጋግሞ ይደውላል? በአንድ ደብዳቤ እውነቱን ነግረሽኝ እዚያው ላይ ሌላ ደበቅሽኝ።

አልቆጣሽም። ያስተማርንሽ እኛ ነን። ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም፣ እህል ይቅመስ፣ ሌሊቱ ይለፍ፣ ሽማግሌ ይሂድ እያልን አሳደግንሽ። አሁን ግን እኔ ከዚህ፣ ልጄ ከዚያ ሆነን፣ ይኼ ወግ እየገደለኝ ነው። ስትጽፊልኝ እፈራለሁ፣ ሳትጽፊልኝም እፈራለሁ። ደህና ነው ስትይኝ ደግሞ ከሁሉም የባሰ እፈራለሁ።

ስለዚህ ውል እንግባ። ከዛሬ ጀምሮ በሳሚር ላይ ክፉ ነገር ቢመጣ፣ አላህ አያምጣው፣ ሰው አትላኪብኝ። ብዪ አትበይኝ፣ ተኚ አትበይኝ። አንቺው ራስሽ በእጅሽ ጻፊልኝ። በባዶ ሆዴም ቢሆን፣ ብቻዬንም ብሆን ላንብበው። ሰው ጉድ ይበል። ክፉውን የማትነግሪኝ ከሆነ ደጉን በምን ልመንሽ?

አሁን ጠየቅሁሽ፤ ልጄ ሙሉ ነው?

አልጋዬ መሰረት ቤት በረንዳ ላይ ነው። መልስሽ እስኪመጣ መሬት እተኛለሁ።

ኡሚ


ኮለምበስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም

ለእትዬ ኡሚ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ይኼን የምታነቢበትን ጉልበት ይስጥሽ።

መልሴ የዘገየው በዓይኔ ሳላየው ላለመጻፍ ብዬ ነው። ውልሽን ተቀብያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ሳሚር ሙሉ አይደለም። የመጨረሻ ቀናቸው አካባቢ ውኃው ውስጥ ኃይለኛ ሞገድ ከጓደኞቹ ነጠለው። ዞር ሲል ማንም የለም። አባቱ ትዝ አለው። ቀስ እያለ፣ እያረፈ መውጣት ነበረበት፤ ይኼን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ፈርቶ ዝም ብሎ ወደ ላይ ሮጠ። እንዲያ በጥድፊያ ሲወጡ ደም ውስጥ አየር ይቋጠራል አሉኝ። መርከቧ ላይ እንደወጣ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። መርከቧ ጉዞዋን አቋርጣ ወደ የብስ ስትመለስ ነው እኔ ጋ የደወሉት። ቋንቋ የሚያስረዳላቸው፣ የሚያማክሩት ዘመድ ፈልገው ነበር። እኔ ብሎክ አደረግኳቸው፤ ልጅሽ በዚያ ሰዓት ያለ ዘመድ ቀረ። ይኼንንም እወቂው።

ሐኪም ቤት በርሜል የመሰለ የብረት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ አየር በግፊት እየለቀቁ ደጋግመው አከሙት። ሳምንት ሙሉ ያልደወለው ስልኩ መርከቧ ላይ ቀርቶ ዘግይቶ ስለደረሰው ነው፤ የደወለልሽም እዚያው ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው። የተኛበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ቶሎ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ስለከለከሉት ቆይቶ ማክሰኞ ገባ። ከዳዊ ጋር ሄደን ተቀበልነው። በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ወጣ።

ግራ እግሩ ድኗል። ቀኙ ይጎተታል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። የዚህ አገር ሐኪም ሊመለስ ይችላል፣ እንዲሁ ሊቀርም ይችላል አለን። ጨክኜ የቱ ይበልጣል ብዬ ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ሳሚር ደግሞ እዚያው ሐኪሙ ፊት፣ መቼ ተመልሼ እወርዳለሁ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ እርሳው አለው። እሱ ግን የረሳ አይመስለኝም፤ ይኼም ያስፈራኛል። ታች ምን አለ ብዬው ነበር። «እኔ ጨለማ መስሎኝ ነበር፣ ሐኒ። ብርሃን ነው» አለኝ፤ ከዚያ አለቀሰ።

ለእማዬ እንዳትጽፊ ብሎ አስምሎኛል። መሐላዬን አፈረስኩ፤ ሲያውቅ ይጣላኛል።

አሁን ሌሎቹ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ከኩሽና ወደ ሳሎን እየመጣ ነው። ምርኩዙ ወለሉን ሲመታ፣ እግሩ ተከትሎት ሲጎተት እሰማለሁ። ደግሞ ስልክ ይዟል፤ እያወራ ይንጎራደዳል።

የደበቅሁሽ ሌላ ነገር የለም። ልጅሽ አለ።

አልጋሽን አስገቢ።

እህትሽ ሐናን